ከጎሚስታው ጓሮ የተደረገው የከባድ ሚዛን ግጥሚያ

ጋሼ ዱጉማ ጎማ ሲመረምሩ በመዳፋቸው መታ ያደርጉትና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ቀኝ ጆሯቸውን ነው፤ ግራው ከጦር ሜዳ ከተመለሱ ወዲህ አይሰማም። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካለው ጎማ ቤታቸው በር ላይ ስንዴ የጫነ አይሱዙም፣ ከማሳ ማሳ የሚዞር ኮምባይነርም፣ ባጃጅም ይቆማል። እጃቸው ትልቅ ነው። ልጅ ሆኜ የሻይ ብርጭቆ ሲጨብጡ ብርጭቆው የት ገባ እያልኩ እፈልግ ነበር። በዚያ እጅ ሰው መትተው አያውቁም። ስለሚማቱ ሰዎች ማውራት ግን ይወዳሉ።

የሚያወሩት ስለ ሁለት ሰዎች ብቻ ነው፤ ስለ ጆ ሉዊስና ስለ መሐመድ አሊ። ሁለቱም በየዘመናቸው የዓለም የከባድ ሚዛን የቡጢ ሻምፒዮን ነበሩ። ሉዊስ ቀበቶውን ይዞ በነገሠበት ዘመን አሊ ገና ልጅ ስለነበር በአንድ ሪንግ ተገናኝተው አያውቁም። ይህ ነገር ለጋሼ ዱጉማም ሆነ ለአባቴ ለገብረ ሥላሴ ፈጽሞ አይዋጥላቸውም። ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር? በዚህ ጥያቄ ከልጅነት እስከ ሽበት ተጨቃጭቀዋል። ጋሼ ዱጉማ የሉዊስ ናቸው፤ አባቴ የአሊ።

የተጀመረው ጎባ፣ አያቴ ቤት ነው። አያቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ወላጆቹ ከሸዋ መጥተው እዚያው የቀሩ። ጋሼ ዱጉማ ደግሞ የሲናና ገበሬ ልጅ ናቸው። በአካባቢያቸው ከፍ ያለ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስላልነበረ እናታቸው ከአያቴ ጋር ተስማምተው ጎባ አስገቧቸው። ገብሱና ቅቤው ከሲናና እየተላከ፣ ከአባቴ ጋር አንድ መደብ ላይ እየተኙ ተማሩ። የቤቱ ግድግዳ ጭቃው እንዳይታይ በጋዜጣና በፈረንጅ መጽሔት ቅዳጅ ተለጥፎ ነበር። በጋሼ ዱጉማ ራስጌ በኩል ጆ ሉዊስ ጓንት አጥልቆ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ቆሟል። ከእናቱ ርቆ የሚያድር ልጅ ዓይኑን ሲከፍት የሚያየው እሱን ነበር። አሊ ወደዚያ ቤት የገባው ግን በሬዲዮ ነው። ኪንሻሳ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል ያለው አሊ የጊዜውን ግዙፍ ሻምፒዮን በዝረራ መጣሉ ሲነገር አባዬ መደቡ ላይ ዘሎ ቆመ።

«ያንተ ሰው አሮጌ ወረቀት ነው» አለ አባዬ።

«ያንተስ? ድምፅ ብቻ» አሉ ጋሼ ዱጉማ።

እኔ ስለ ቡጢ የማውቀው ሁሉ ከሁለቱ አፍ የሰማሁት ነው። ሉዊስ አይሮጥም፤ እግሩ መሬቱን ሳይለቅ እየተጠጋ ይመጣል፣ ቡጢውም ከክንዱ ርዝመት ያጠረ ነው፣ ግን ያገኘው ሰው አይቆምም። አሊ ይዞራል፤ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ለቡጢው አቅርቦ፣ ቡጢው ሊደርስ ሲል አንገቱን ወደ ኋላ ይስባል። አንዱ እየተመታም ቢሆን ይጠጋል። ሌላው ላለመመታት ይደንሳል።

ከጭቅጭቃቸው ሥር ማንም የማያነሳው ሌላ ነገር ነበር። በደርግ ዘመን ወጣቱ ለውትድርና ሲታፈስ ጋሼ ዱጉማን ገሰራ ገበያ ላይ ያዟቸው። አባዬ አብሯቸው ሊሄድ ተነጋግሮ ነበር፤ የዚያን ቀን ጠዋት ትኩሳት ያዘውና ቀረ። ወሬውን ሲሰማ ሲናና ድረስ በእግሩ ሸሽቶ የጋሼ ዱጉማ እናት ቤት ገባ። የገዛ ልጃቸው የተወሰደባቸው ሴት የሌላ ሰው ልጅ በገብስ ጎተራቸው ውስጥ ደብቀው ክረምቱን አሳለፉት። ጋሼ ዱጉማ ከዓመታት በኋላ አንድ ጆሯቸውን አጥተው ተመለሱ። አባዬ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በቀኛቸው በኩል ይቀመጣል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚያወራው ግን የለም። ሉዊስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆኖ አገልግሏል። አሊ ለጦርነት ሲጠራ አልሄድም ብሏል። ሁለቱ ወዳጆች የእነዚህን ሰዎች ቁመት፣ የክንድ ርዝመት፣ የወደቁበትን ዙር ሳይቀር ሲቆጥሩ ይህቺን ብቻ ይዘሏት ነበር።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ግን አልዘለሏትም። የጋሼ ዱጉማ ልጅ ለሊሳ ሮቤ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። አንድ ቀን ከሥራው ወጥቶ ጎማ ቤት ሲመጣ «ጉዳችሁ ፈላ፤ ተጋጥመዋል» አላቸው። ስልኩ ላይ የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር፤ ሉዊስንና አሊን አስመስለው ሠርተው የሚያጋጥሙበት። ሁለት ሽማግሌዎች ግንባራቸውን አጋጥመው አንዲት ስልክ ላይ አቀረቀሩ። በስምንተኛው ዙር በጨዋታው ውስጥ ያለው አሊ ተዘረረ።

«ማሽን ምን ያውቃል» አለ አባዬ።

ጋሼ ዱጉማ እየሳቁ ጭናቸውን መቱ። ያን ያህል ዘመን የጠበቁት ድል ነበርና ምላሳቸው አመለጣቸው። «የሯጭ መጨረሻው ይሄው ነው ገብሬ። ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲደበቅ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። ግን የመጨረሻዋ ቃል ወጥታለች። አባዬ ከጎማው ላይ ተነሳ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ሚኒባስም ሳይጠብቅ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ በእግሩ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። አባዬ ለጉዳይ ወደ ሮቤ ሲመጣ እንኳ ጎማ ቤቱ ከመድረሱ በፊት ይወርድና በውስጥ ለውስጥ መንገድ ያልፋል። እኔ ሮቤ አስተምራለሁ፤ በጎማ ቤቱ በር ሳልፍ ጋሼ ዱጉማ «ናፍቆት፣ አባትሽ ደህና ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው ጋሼ» እላለሁ። እሳቸውም ሌላ አይጠይቁኝም።

ነገሩን ያከበደው የለሊሳ ጉዳይ ነው። ጎሮ ውስጥ ኡርጂ የምትባል ነርስ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። በእኛ አገር አባት ለልጁ ራሱ ሄዶ ሚስት አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ይልካል። ጋሼ ዱጉማ ለሊሳ የተወለደ ዕለት «የዚህ ልጅ ሽማግሌ ገብረ ሥላሴ ነው» ብለው ተናግረዋል። የኡርጂ አባት ደግሞ ከሌላ ሰው ቤት ሽማግሌ እንደመጣባቸው፣ እስከ ገና ድረስ ብቻ መልስ አቆይተው እንደሚጠብቁ ለሊሳ ሰማ። ጎባ መጥቶ አባዬ እግር ሥር ተቀመጠ።

አባዬ ራሱን ዳበሰው። «ሽማግሌ የሚሆነው በቦታው የሚቆም ሰው ነው ልጄ። ሯጭ ሽማግሌ አይሆንም» አለው።

ለሊሳ ይህን ለአባቱ ሲነግር እዚያ ነበርኩ። «ሌላ ሰው እንላክ አባ፤ ቀኑ እያለቀ ነው» አላቸው። ጋሼ ዱጉማ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ብዙ ቆዩ። «ያለ እሱ አይሆንም» አሉ። «ልጅቱ ብታመልጠውስ?» ብለው ራሳቸውን የሚጠይቁ ይመስል ነበር፤ የጨርቁ ጫፍ ጣታቸው ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል። ግን ደግመው «ያለ እሱ አይሆንም» አሉ።

መላ የመታችው ሰይዳ ናት። ከጎማ ቤቱ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች፤ በሁለቱ ጭቅጭቅ መሐል ብዙ ብርጭቆ ሸጣለች፤ ዝምታቸው ገበያዋን ሳይቀር እንደጎዳው ትናገራለች። ሲናና ሄዳ ኦቦ ቶላን አመጣቻቸው። ኦቦ ቶላ በአውራጃው የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ የደም ነገር ሳይቀር አስታርቀዋል። ኦቦ ቶላ ከጠሩት አባዬም አይቀርም፤ የአስታራቂ ጥሪ ንቆ መቅረት ከጠቡ የባሰ ነውር ነው። እኔ ይዤው መጣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ፣ የታጨደውን የስንዴ ማሳ እንዳየ ደረስን።

ጎማ ቤቱ ጓሮ አንድ ጽድ አለ። ጋሼ ዱጉማ ሥሩ አሮጌ የመኪና ጎማዎች ዙሪያውን ደርድረው እንግዳ ያስቀምጡበታል። ኦቦ ቶላ በትራቸውን ተደግፈው ትልቁ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ለሁለቱም ለምለም ሳር ሰጧቸው፤ ሳር ይዞ መዋሸት አይቻልም።

«የጠባችሁበት ምንድን ነው? መሬት ነው?»

«አይደለም» አሉ ጋሼ ዱጉማ።

«ከብት ነው?»

«አይደለም ኦቦ» አለ አባዬ። «ሁለት አሜሪካኖች ናቸው።»

ኦቦ ቶላ ወደ ሰይዳ ዞሩ። ሰይዳ አንገቷን ነቀነቀች። «ወላሂ እውነታቸውን ነው» አለች።

«የት አሉ ታዲያ? ለምን አልተጠሩም?»

«ሁለቱም ሞተዋል።»

«ያ ዋቃ» አሉ ኦቦ ቶላ። አምላክን ጠሩና በትዕግሥት አንድ በአንድ ጠየቁ። ቡጢ ምን እንደሆነ፣ ዱላ ይኑራቸው አይኑራቸው፣ መሐል ገብቶ የሚገላግል ሰው ይኖር እንደሆነ። ገላጋዩ እንዲማቱ የሚፈቅድ መሆኑን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። «የሚማቱትስ ለምንድን ነው?»

«ለቀበቶ» አለ አባዬ።

«ሱሪያቸው ይወልቃል?» አሉ ኦቦ ቶላ። ሰይዳ በሳቅ የያዘችውን ሻይ ደፋች። አባዬና ጋሼ ዱጉማ እንኳ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ዓይን ለዓይን ሊገናኙ ሲሉ ግን ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

ኦቦ ቶላ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ሁለት ሰው ሲያስታርቁ የራስን ነገር አያስወሩም፤ አንዱ የሌላውን ነገር እንደ ራሱ አድርጎ እንዲናገር ያዛሉ። «ዱጉማ፣ አንተ ለአሊ ትናገራለህ። ገብረ ሥላሴ፣ አንተ ለሉዊስ» አሉ። «እዚሁ ይጋጠሙ። የመታ መታሁ ይበል። ምን እንደደረሰበት ግን የሚናገረው የተመታው ነው። ሰውዬውን ያሳነሰ፣ የያዘውን ሳር ያስብ።»

ሰይዳ ደወል እንደሚያስፈልግ ታውቃለች፤ አንድ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ከግድግዳው አስደግፋ ብረት አነሳች። መታችው።

ጋሼ ዱጉማ ቆሙ። «አሊ…» ብለው ምራቃቸውን ዋጡ። «አሊ ይዞራል። በግራው በኩል ይዞራል።»

«ይዙሩልን እንጂ ጋሽ ዱጉማ» አለች ሰይዳ። «እርስዎ እንደ ግንድ ተተክለው ማን ያምናል? የእኛን ሰው አያዋርዱብን።»

ጋሼ ዱጉማ እግራቸውን አነሱ። ያን ትልቅ ሰውነት ይዘው፣ በጎማዎቹ መሐል፣ በጣቶቻቸው ቆመው መዞር ጀመሩ። አባዬ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ሰበሰበ፣ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ተጠጋ። ሁለቱም አልተነካኩም። በመሐላቸው ሁልጊዜ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ነበር፤ የሚማቱት በቃል ነው።

«ሉዊስ ግራውን ሰነዘረ» አለ አባዬ።

«አሊ አንገቱን ሳበ፤ አላገኘውም» አሉ ጋሼ ዱጉማ። «ሉዊስ ከሰነዘረ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ ያደርጋል። አሊ አይቷታል። በቀኝ፣ ከላይ።»

ሉዊስ ወጣት ሳለ አንድ ጀርመናዊ ቡጢኛ የጣለው በዚያች ክፍተት ነው፤ ጋሼ ዱጉማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተባብሏት የኖሩት እሷን ነው።

«ወደቀ» አለ አባዬ ወዲያው።

«አይወድቅም» አሉ ጋሼ ዱጉማ።

«አንተ የአሊ ነህ፤ ዝም በል» አሏቸው ኦቦ ቶላ። ከዚያ አባዬን አዩት። «እንዲህ በቀላሉ ነው የሚወድቀው? ይህን ሰው ነው ዓለም የፈራው?»

አባዬ እጁ ላይ ያለውን ሳር ተመለከተ። ጆሮው ቀላ። «አይደለም ኦቦ» አለ ቀስ ብሎ። «በአንድ ጉልበቱ ነው የተንበረከከው። እስኪቆጠርለት ድረስ ጭንቅላቱን አጠራ። ተነሳ። ሲነሳ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።»

ከዚያች ቃል በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ግጥም ስማር ቃል ሥጋ ሲለብስ የሚሰማን መንቀጥቀጥ አለ ይሉን ነበር፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን ከወረቀት በቀር አላየሁትም። አባዬ ሉዊስን መጥላት ተወ። ያጠረ ቡጢ እንዴት ከእግር ተነስቶ፣ በወገብ አልፎ፣ ትከሻ ላይ እንደሚደርስ ሲናገር የራሱ ቀጭን ትከሻ ሲሞላ ያየሁ መሰለኝ። ጋሼ ዱጉማም አሊን እያሞገሱ አልነበረም፤ አሊን እየተነፈሱ ነበር። «ቡጢውን አይፈራውም» ይላሉ። «እስኪቀርብ ይጠብቀዋል። ነፋሱ ፊቱን ይነካዋል። ከዚያ የለም።» ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ግን «የለም» ሲሉ በእርግጥ እዚያ አልነበሩም፤ አንድ እርምጃ ወዲያ ነበሩ።

ሰይዳ ቸርኬውን ትመታለች፣ ያርፋሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። ጎማ ሊያስነፉ የመጡ ሾፌሮች ጓሮ ድረስ ገብተው ቆሙ። አንድ የኮምባይነር ኦፕሬተር ሞተሩን አጥፍቶ መጣ። ከባቱ ተራራ የወረደው ጉም ጽዱን ሸፈነው፤ አስፋልቱ አልታይ አለ፤ የቀረን ያ የጎማ ክብ ብቻ ነበር። በክቡ ውስጥ ሁለት የሞቱ ሰዎች፣ በሕይወት ሳሉ ባልተገናኙበት ዕድሜያቸው፣ ጉልበታቸው ሙሉ ሆኖ ይፋለማሉ። አንዱ እንኳ አልሳቀም። አጠገቤ የቆመ ሾፌር «አሁን በስተቀኙ ይጠንቀቅ» ብሎ አንሾካሾከ፤ ለማን እንዳለው አላውቅም።

በአሥራ ሦስተኛው ዙር ጋሼ ዱጉማ «የአሊ እግር ደክሟል» አሉ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ እውነት ስለሆነ አሉ። የራሳቸውም እግር ደክሞ ነበር። «ከእንግዲህ መዞር አይችልም። ገመዱን ተደግፏል።»

አባዬ ተጠጋ። ከዚያ ቆመ። ምን እንዳየ አውቃለሁ፤ አሊ ቀኝ እጁ ሲወርድበት ከጎን በሚመጣ ግራ ቡጢ ይመታል፤ በእውነተኛ ግጥሚያም በእሷ ወድቋል። አባዬ ይህቺን ነገር ማንም ፊት አንስቷት አያውቅም። አሁን ሉዊስን ወክሎ ቆሟል፤ ካያት ሉዊስም አይቷታል። ሳሩን በጣቱ አሻሸ።

«ዱጋ» አሉ ኦቦ ቶላ ቀስ ብለው። እውነት ማለታቸው ነው።

«ሉዊስ አይቷታል» አለ አባዬ። «በግራ፣ ከጎን። አጭር ነው። ያለውን ሁሉ ጨምሮበታል።»

አሁን ተራው የጋሼ ዱጉማ ነው። አንገቱን ሳበ ቢሉ ማንም አይከለክላቸውም። «ሳተ» ቢሉ አባዬ ራሱ ደስ ይለዋል። እጃቸው ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አገኘው» አሉ። «ወደቀ።»

ሰይዳ ብረቱን አንስታ አልመታችም። ኦቦ ቶላ ከጎማው ላይ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ ያን ጊዜ የአስታራቂ ፊት አልነበራቸውም፤ የምር ጨንቋቸው ነበር። «ይነሳል?» አሉ።

«ይነሳል» አሉ ጋሼ ዱጉማ።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ሯጭ ስላልሆነ።»

ጋሼ ዱጉማ ፊታቸውን ወደ ኦቦ ቶላ አድርገው ነበር የሚናገሩት፤ ወደ አባዬ ማየት አልቻሉም። «ለጦርነት ሲጠሩት አልተደበቀም። አደባባይ ቆሞ አልሄድም አለ። ቀበቶውን ወሰዱበት፤ ከሦስት ዓመት በላይ አላጋጠሙትም። ጉልበቱ ሙሉ የነበረበትን ጊዜ ነው የወሰዱበት። ያ ቡጢ አይደለም? ከዚያ ተነስቷል፤ ከዚህም ይነሳል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ደግሞ መደበቅም… ኦቦ፣ እኔ ግንባር ላይ ሳለሁ፣ ጆሮዬ የጠፋ ዕለት፣ ምሽግ ውስጥ ተኝቼ ምን እል እንደነበር ልንገርዎት? 'ከሁለታችን አንዱ አልተመታም' እል ነበር። 'አንዱን አላገኙትም' እል ነበር። በዚያ ነው የተነሳሁት። ከዚያ መጥቼ ይህን ሰው ሯጭ አልኩት። አጠፋሁ።»

አባዬ በቀኛቸው በኩል ዞሮ ቆመ።

«ዱጉማ» አለ። «እናትህ በጎተራዋ በር ምግብ ስታቀብለኝ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም።»

ጋሼ ዱጉማ ቀና አሉ። ይህን ሰምተውት እንደማያውቁ ፊታቸው ተናገረ።

«'ዱጉማ፣ ብላ' ነበር የምትለኝ። 'ዱጉማ፣ በረደህ?' ትለኛለች። መጀመሪያ አእምሮዋን የሳተች መስሎኝ ነበር። አልሳተችም፤ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለች። ግን ስምህን ጠርታ መልስ የሚሰጣት ሰው ፈልጋ ነው። እኔም 'አልበረደኝም እማዬ' እላት ነበር። በአንተ ስም በላሁ፣ በአንተ ስም ተኛሁ። አልተመታም ነበር ያልከው? በዚያ ክረምት ሳልመታ የዋልኩበት ቀን የለም።»

ያ ትልቅ እጅ ተነሳና አባዬ ትከሻ ላይ አረፈ። ሌላውም ተከተለ። ሁለቱም ሳሩን እንደያዙ ነበር። ሾፌሮቹ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለምን እንደሆነ እነሱም አያውቁትም። እኔ የአባዬን ኮት ፊቴ ላይ ይዤ ቆምኩ።

ኦቦ ቶላ ተነስተው በኦሮምኛ መረቋቸው፤ የአባዬን ግንባር፣ የጋሼ ዱጉማን ግንባር በሳሩ ነካ ነካ አደረጉ። ምርቃቱ ሲያበቃ ሰይዳ በሆዷ የያዘችውን ጥያቄ አወጣች።

«እና ማን አሸነፈ? ከአሥራ አምስቱ ሁለት ዙር ይቀራል እኮ።»

«እኔ የተጠራሁት እነዚህን ላስታርቅ ነው» አሉ ኦቦ ቶላ። «አሜሪካኖቹ ካልታረቁ ዘመዶቻቸው ይምጡ።»

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ወደ ጎሮ ሄዱ። ኦቦ ቶላ ነበሩ፣ ሌላ አንድ የሰፈር ሰው ነበር፣ ከፊት አባዬ። የልጁ አባት አብሮ አይሄድም። ጋሼ ዱጉማ ጎማ ቤታቸው ቀሩ። ከትምህርት ቤት መልስ ስመጣ አንድ የባጃጅ ጎማ ጨርሰው መልሰው እየፈቱት አገኘኋቸው። ለሊሳ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል፤ ስልኩን ያወጣል፣ ይከተዋል። እኔም ሰይዳ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ሚኒባሱ ቆመ። መጀመሪያ ኦቦ ቶላ ወረዱ፤ ከዚያ አባዬ። ጋሼ ዱጉማ ጎማውን አስቀመጡት፤ ግን አልተነሱም። የሚነሱ አይመስሉም ነበር።

«ቀጠሩን» አለ አባዬ። ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት የለም፤ የማይፈልግ ይመልሳል፣ የሚፈልግ ይቀጥራል። ለሊሳ ወደ ግድግዳው ዞሮ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ ደገፈ።

«ምን አሏችሁ?» አሉ ጋሼ ዱጉማ።

«ምን ይሉናል?» አሉ ኦቦ ቶላ፤ ጎማ ላይ እየተቀመጡ። «ይሄ ሰው አስደፈረን እንጂ። ስለ ልጁ ተናገር ብንለው፣ ስለ ልጁ አንድ ቃል አልወጣውም። ዱጉማ እንዲህ ነው፣ ዱጉማ እንዲያ ነው፣ ሲናና ላይ እንዲህ አደረገ፣ ከጦር ሜዳ እንዲህ ተመለሰ። የልጅቱ አባት ሰሙ፣ ሰሙ፣ በመጨረሻ 'ለመሆኑ የሚያገባው ልጁ ነው ወይስ አባትየው?' አሉ።»

ሰይዳ ሳቀች፤ ለሊሳም ግንባሩን ከቆርቆሮው ሳያነሳ ሳቀ። ጋሼ ዱጉማ አልሳቁም። አባዬን እያዩት ነበር።

«አንተስ ምን አልካቸው?» አሉት።

«ልጁ ነው አልኳቸው» አለ አባዬ፤ በቀኛቸው ዞሮ እየተቀመጠ። «ግን አባትየውን ሳያውቁ ልጅቱን መስጠትም መከልከልም አይችሉም አልኩ። ለዚያ ነው የቀጠሩን፤ ገና አልጨረስኩላቸውም።»